ተማሪዬ ከአልጋው ሸሸች፤ ጥፋቱ ግን የእኔ ይመስለኛል

የአልጋ ዳር መምህርት (ክሩን የከፈተች)፦

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ነርሲንግ ማስተማር ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል። ባለፈው ሳምንት የገጠመኝ ነገር እንቅልፍ ስለነሳኝ ምክራችሁን ልጠይቅ መጣሁ።

የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎቼን ይዤ ለተግባራዊ ልምምድ የውስጥ ደዌ ክፍል ገብተን ነበር። በመስኮቱ በኩል ባለው አልጋ ላይ ካንሰሩ ወደ ጉበታቸው የተሠራጨባቸው አንዲት እናት ተኝተዋል። በጠዋቱ የሐኪሞች ዙር የቡድኑ መሪ ካርዳቸውን ገለጥ አድርጎ አየና «ከዚህ በኋላ የሚደረግ ነገር የለም» ብሎ ወደ ቀጣዩ አልጋ አለፈ። እኔም ከተማሪዎቼ ሁሉ በትጋቷ የምተማመንባትን ልጅ እሳቸው ዘንድ መደብኳት። ከአንድ ሰዓት በኋላ ስመለስ ወንበሩ ባዶ ነው። ፈልጌ ያገኘኋት ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ ፋሻ ስትጠቀልል ነው። ቀድሞ የተጠቀለለውን እየፈታች እንደገና ትጠቀልላለች።

«ለምን ትተሻቸው መጣሽ?»

«መምህርት፣ እዚያ ተቀምጬ ምን ላድርግ? የሚደረግ ነገር የለም ተብሏል እኮ።»

ልቆጣት አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። ያስተማርኳትን ነው የመለሰችልኝ። በትምህርት ክፍላችን ለፓሊየቲቭ ኬር (የከባድ ሕመምተኛን ሥቃይ ለማቅለል ለሚሰጥ እንክብካቤ) የተመደበው አራት ሰዓት ሲሆን አራቱም በገለጻ ያልቃሉ፤ ትርጓሜው፣ መርሆዎቹ፣ የሐዘን ደረጃዎች፣ ከዚያ የምርጫ ጥያቄ። ካኑላ (ደም ሥር ውስጥ የሚገባውን ቀጭን ቱቦ) ማስገባትን ግን በሰው ሠራሽ ክንድ ላይ ለሳምንታት እናለማምዳቸዋለን። ይህች ልጅ ደም ሥር ስትፈልግ እጇ አይንቀጠቀጥም። የሚሞት ሰው አፉ ሲደርቅ ምን እንደሚደረግለት ግን አታውቅም። ማንም አላሳያትም፤ እኔም አላሳየኋትም።

ስለ ርኅራኄ እንድትመክሩኝ አይደለም። ተማሪዎቼ ርኅራኄ አላነሳቸውም፤ ያጡት ለእጃቸው የሚሆን ሥራ ነው። አልጋው አጠገብ የሚያቆያቸውን ሥራ ከየት ልጀምርላቸው? እናንተስ ከማን ተማራችሁት?


የሌሊት ተረኛ፦

እህቴ፣ ከአፍ ጀምሪ።

በሕሙማን ክፍል ሃያ ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ፤ አብዛኛውን በሌሊት። ሰው ወደ መጨረሻው ሲቃረብ በአፉ መተንፈስ ይጀምራል፣ መዋጥ ያቅተዋል፣ ምላሱ ይሰነጣጠቃል። በዚያ ሰዓት እፎይ የሚያሰኘው ከደም ሥር ከሚገባው ፈሳሽ ይልቅ የረጠበ አፍ ነው። ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ወይም ስፖንጅ በውሃ ይረጥባል፤ ትን እንዳይል በደንብ ይጨመቃል፤ የታካሚው ራስ ወደ ጎን ዘንበል ይላል። ከከንፈር ተጀምሮ ወደ ጉንጭ ውስጥ፣ ከዚያ ወደ ምላስ። ሲያበቃ ከንፈሩ ማለስለሻ ይቀባል። በየአንድ ወይም በየሁለት ሰዓቱ ይደገማል። በሎሚና በግሊሰሪን የተነከረ ጥጥ አሁንም የሚጠቀሙ አሉ፤ አፍን ይበልጥ ስለሚያደርቅ ይቅርባቸው።

በክፍል ውስጥ እንዲህ አድርጊ። አንዷ ተማሪ አልጋ ላይ ትተኛና ዓይኗን ትጨፍን። ሌላዋ ምንም ሳትናገር ብሩሹን ወደ አፏ ታስጠጋ። ከዚያ ይድገሙት፤ በዚህኛው ጊዜ ግን አስቀድማ እጇን ትከሻዋ ላይ አሳርፋ «አፍዎን ላረጥብልዎ ነው፣ ቀዝቃዛ ውሃ ነው» ትበላት። ልዩነቱን የተኛችዋ ትነግርሻለች፤ አንቺ ማብራራት አይጠበቅብሽም።

አንድ ነገር ልጨምር። በእኔ ተራ ርክክብ ላይ «የሚደረግ ነገር የለም» የሚለውን ቃል አላስገባም። «ፈውስን ያለመው ሕክምና ቆሟል» ይባላል፤ ቀጥሎም በሌሊት የሚሠራው ይዘረዘራል። የሕመም መጠን በየአራት ሰዓቱ፣ አፍ በየሰዓቱ፣ ጎን መቀየር፣ ሰገራ ከመጣ ስንት ቀኑ ነው፣ ቤተሰቡ ምን ያውቃል፣ ማን ይደወልለት። ወረቀቱ ከድንገተኛ ታካሚ ወረቀት ቢበልጥ እንጂ አያንስም።


አራተኛ ዓመት፦

በታላላቆቼ መካከል ለመጻፍ ድፍረት ከሆነ ይቅርታ አድርጉልኝ። የመምህርትን ጽሑፍ ሳነብ ያቺ ዕቃ ግምጃ ቤት የገባችው ልጅ እኔ መሰልኩኝ።

እኔን ያባረረኝ ድምፁ ነው። አንድ አዛውንት ነበሩ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ ትንፋሻቸው ከጉሮሯቸው ውስጥ እንደሚፈላ ውሃ መንቆርቆር ጀመረ። ልጃቸው «አባዬ ታነቀ፣ አንድ ነገር አድርጊ!» እያለች እጄን ያዘችኝ። እኔም የመምጠጫ መሣሪያውን አምጥቼ ቱቦውን ወደ ጉሮሯቸው አስገባሁ። ፊታቸው ተጨማደደ፣ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ድምፁ ለአምስት ደቂቃ ያህል ጠፋና ተመልሶ መጣ። ሦስት ጊዜ ደጋገምኩት። ጠዋት አረፉ። እስካሁን የማስበው እኔ ያሠቃየኋቸው እየመሰለኝ ነው። በመማሪያችን ውስጥ ስለዚህ ድምፅ አንድ መስመር እንኳን አላየሁም።


የሌሊት ተረኛ፦

ልጄ፣ ጥሩ አድርገሽ ጠየቅሽ። ያደረግሽው ያልተማረ ሰው ሁሉ የሚያደርገውን ነው፤ ሰውየውን ለመርዳት ብለሽ ነው።

ያ ድምፅ መታነቅ አይደለም። ታካሚው ራሱን ሲስትና ሲደክም ምራቅና አክታን መዋጥም ሆነ ስሎ ማውጣት ስለማይችል፣ ትንፋሹ በተጠራቀመው ፈሳሽ ላይ ሲመላለስ የሚሰማ ነው። በዚያ ደረጃ ላይ ያለ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ራሱን አያውቅም፤ የሚሠቃየው ይበልጥ አጠገቡ ያለው ሰሚ ነው። በመጀመሪያ በጎኑ አስተኚው፤ ከራሱ ቀና አድርጊው፤ በአፉ ጥግ የሚፈሰውን ጥረጊ። በደም ሥር ፈሳሽ እየተሰጠው ከሆነ ያስፈልገው እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቂ። አዲስ ምራቅና አክታ እንዳይበዛ የሚቀንሱ እንደ ሃዮሲን ያሉ መድኃኒቶች አሉ፤ ግን የተጠራቀመውን አያስወግዱም፤ ሁሉንም ሰው አይረዱም። ቱቦ ወደ ጉሮሮ ማስገባት ብዙውን ጊዜ ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል።

ዋናው ሥራ ግን ድምፁ ከመምጣቱ በፊት ነው። ልጃቸውን ቀድመሽ ወደ ጎን ወስደሽ «ትንፋሻቸው ድምፅ ሊያወጣ ይችላል፤ እንዲህ ነው የሚሰማው፤ ሲመጣ እንዲህ እናደርጋለን» ብትያት ኖሮ በፍርሃት እጅሽን አትይዝም ነበር። ይህን ያልነገሩሽ አስተማሪዎችሽ ናቸው እንጂ አንቺ አላጠፋሽም። ሌሎቹንም ምልክቶች አሁን ያዢ፤ እጅና እግር ይቀዘቅዛል፣ ጉልበት ላይ ቆዳው ይዥጎረጎራል፣ ሽንት ይቀንሳል፣ ትንፋሽ ይረዝማል፣ ያጥራል፣ ለጥቂት ጊዜ ቆሞ እንደገና ይጀምራል።


ክሊኒካል ፋርማሲስት፦

ሁለታችሁ ያነሳችሁት ነገር ላይ የመድኃኒቱን ክፍል ልጨምር፤ ምክንያቱም ተማሪዎችን ከአልጋው የሚያርቀው ሌላው ነገር ሞርፊንን መፍራት ነው።

በየዓመቱ በማስተምረው ክፍል መጀመሪያ ላይ አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ፤ «ለዚህ ታካሚ የታዘዘውን ሞርፊን በሰዓቱ ሰጠሽ፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሞተ። ገድለሽዋል?» ክፍሉ ጸጥ ይላል። አብዛኞቹ በልባቸው «አዎ» ይላሉ። ይህ ፍርሃት ሳይነቀል ስለ መጠን ማስተማር ትርፉ ድካም ነው። በትክክለኛ መጠን ተጀምሮ እንደ ሕመሙ ቀስ እያለ የተጨመረ ሞርፊን ሞትን እንደማያፋጥን፣ ከመጠን ካለፈም ትንፋሽ ከመድከሙ በፊት ከባድ እንቅልፍ እንደሚቀድም፣ ስለዚህም ከትንፋሹ ቁጥር ጋር የንቃቱ ደረጃ መታየት እንዳለበት አሳያቸዋለሁ። ለሕመም ሰዓቱን ጠብቆ የሚሰጥ ሞርፊን ሰውነትን ሊያላምድ ይችላል፤ መላመድና ሱስ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ከዚያ ወደ ሂሳቡ። አንድ ታካሚ ፈጣኑን የሞርፊን ሽሮፕ በየ4 ሰዓቱ 10 ሚሊግራም ይወስዳሉ፤ በቀን 60 ይሆናል። በመሃል ሕመሙ ሲነሳ የሚሰጠው ተጨማሪ መጠን የቀኑ አንድ ስድስተኛ፣ ማለትም 10 ነው። ትናንት አራት ጊዜ ተጨማሪ ወስደዋል፤ ጠቅላላው 100 ደረሰ። ስለዚህ መደበኛው መጠን አንሷቸዋል ማለት ነው፤ ወደ 15 ከፍ ቢል በቀን 90 ይሆናል። ይህን ስሌት ተማሪዋ ራሷ ሠርታ ለሐኪሙ ማቅረብ አለባት፤ ሌሊት ስንት ጊዜ ተጨማሪ እንደተሰጠ የምታውቀው ነርሷ ናትና። ኩላሊታቸው የደከመ ከሆነ ግን ሌላ ሂሳብ ነው፤ መድኃኒቱ ስለሚጠራቀም ጥንቃቄ ይጠይቃል።

የሆድ ድርቀቱን አደራ። የማቅለሽለሹና የእንቅልፉ ነገር በጥቂት ቀናት ይቀንሳል፤ ድርቀቱ ግን አይለመድም። የሰገራ ማለስለሻው ሞርፊኑ በተጀመረበት ቀን አብሮ ይጀመር።

የዓለም ጤና ድርጅት ባለ ሦስት ደረጃውን የሕመም ማስታገሻ መሰላል ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው፤ «በአፍ፣ በሰዓቱ፣ እንደየሰዉ» የሚለው መመሪያው ዛሬም ይሠራል። ይኸው ድርጅት በየዓመቱ 56.8 ሚሊዮን ሰዎች ፓሊየቲቭ ኬር እንደሚያስፈልጋቸውና የሚያገኙት 14 በመቶ ያህሉ ብቻ እንደሆኑ ይገምታል። ኡጋንዳ እ.ኤ.አ. በ2004 ልዩ ሥልጠና የወሰዱ ነርሶች ሞርፊን እንዲያዝዙ በሕግ ፈቅዳለች። ነርስን አሠልጥኖ ማመን ይቻላል ማለት ነው።


ሲሙሌሽን ክፍል፦

መምህርት፣ «ለእጅ የሚሆን ሥራ» ያልሽው ገባኝ፤ ለአፍም የሚሆን ሥራ አለ። እኔ የማስተምረው እሱን ነው።

አንድ ባልደረባዬ ታካሚ ሆኖ ይተኛል። ተማሪዋ የደም ግፊት ልትለካ ትገባለች። ታካሚው መለኪያው ክንዱ ላይ እያለ «ልሞት ነው አይደል?» ይላታል። ከአሥር ተማሪ ዘጠኙ «ኧረ አይዞዎት፣ ይድናሉ!» ብለው መለኪያውን መንፋት ይቀጥላሉ። ከዚያ እንቆምና እንነጋገራለን። በሁለተኛው ዙር መለኪያውን ታስቀምጣለች፣ ወንበር ስባ ትቀመጣለች፣ «ይህ ሐሳብ ምን አይተው መጣብዎት?» ትላለች፣ ከዚያ ዝም ትላለች። ዝምታውን በልቧ እስከ አሥር እንድትቆጥር አደርጋለሁ። ሦስት ላይ መናገር የሚጀምሩት ብዙ ናቸው። አሥር የደረሰችዋ ግን ታካሚው የሚናገረውን ትሰማለች፤ ብዙውን ጊዜ ፍርሃቱ ከሞቱ ይልቅ «ልጆቼን ማን ይነግራቸዋል?» ወይም «ያመኝ ይሆን?» የሚል ነው። ትዕይንቱ አሥር ደቂቃ ከሆነ ውይይቱ ሠላሳ ደቂቃ ይሁን፤ ጊዜ ሲያጥር ከትዕይንቱ ቀንሺ እንጂ ውይይቱን አትንኪ።

ስፓይክስ የሚባለውን እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመውን መጥፎ ዜና የመንገሪያ ባለ 6 ደረጃ መንገድም አስተምራለሁ፤ ግን ተማሪዎቹ እንደ ጸሎት በቃል ይወርዱታል። ለነርስ የሚጠቅመው ሁለተኛው ደረጃ ነው፤ ከመናገር በፊት ሰውየው ምን እንደሚያውቅ መጠየቅ።

አንድ ነገር ግን በግልጽ ልናገር። የሐዘን አምስት ደረጃዎችን በምርጫ ጥያቄ መፈተን ይቁም። የሥነ አእምሮ ሐኪሟ ኤሊዛቤት ኩብለር-ሮስ እ.ኤ.አ. በ1969 ደረጃዎቹን ያቀረቡት ከሚሞቱ ሰዎች ጋር ተነጋግረው ነው፤ ሰው ሁሉ በቅደም ተከተል የሚያልፍባቸው እንዳልሆኑም ራሳቸው ኋላ ላይ አስረድተዋል። የእኔ ተማሪ አንድ ጊዜ የተቆጣን ታካሚ «ሁለተኛው ደረጃ (ቁጣ) ላይ ናቸው» ብላ መዘገበች። ሰውየው የተቆጡት ከንጋት ጀምሮ የሽንት ልብሳቸውን የቀየረላቸው ሰው ስላልነበረ ነው።


ከሙያው የወጣሁ፦

ሁላችሁንም አነበብኩ። አንድ ነገር ሳትሉ እንዳታልፉ እፈልጋለሁ።

ለእኔም የእጅ ሥራ ተሰጥቶኝ ነበር። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ የታካሚው ዕድሜ ደግሞ ሃያ አንድ። አፉን አረጠብኩ፣ ጎኑን ቀየርኩ፣ የተባልኩትን ሁሉ በትክክል አደረግሁ። ማታ ሞተ። ብቻዬን አጥቤ፣ ካኑላውን ነቅዬ፣ አገጩን ደግፌ፣ አንሶላ አለበስኩት። ከዚያ ተቆጣጣሪዬ አልጋ ቁጥር ሰባት ትኩሳት እንድለካ ላከችኝ። በዚያ ሌሊትም ሆነ ከዚያ በኋላ ስሜን ጠርቶ «እንዴት ነሽ?» ያለኝ ሰው አልነበረም። ተመረቅሁ፣ ሁለት ዓመት ሠራሁ፣ ወጣሁ።

ሥራ መስጠት በቂ ነው ብላችሁ አታስቡ። ተማሪዋ ታካሚው ዘንድ ትቆይ፤ ተማሪዋ ዘንድ የሚቆየውስ ማን ነው? ለዚህ ሰው ካላዘጋጃችሁ ወጣቶችን እዚያ አልጋ አጠገብ ባታቆሙ ይሻላል ባይ ነኝ።


የአልጋ ዳር መምህርት፦

ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አነበብኩት። ልክ ነሽ፣ እኔ የጠየቅሁት ግማሹን ብቻ ነው። ልጅቷን ብቻዋን መድቤ የሄድኩት እኔ ነኝ፤ እሷ ከእሳቸው ከመሸሿ በፊት እኔ ከእሷ ሸሽቻለሁ። ባታቆሙ ይሻላል በሚለው ግን አልስማማም። ካልቆሙ፣ ተመርቀው በመጀመሪያው ሌሊት ያለ ማንም ይገናኙታል፤ ያኔ አጠገባቸው መምህር አይኖርም።


አባቱን ያስታመመ፦

እኔ የጤና ባለሙያ አይደለሁም፤ ይህን ክር ያሳየችኝ እህቴ ነች። ከአልጋው ማዶ ያለውን ልንገራችሁ።

አባቴ በመጨረሻዎቹ ሁለት ቀናት አይናገርም፣ ዓይኑንም አይገልጥም ነበር። አንዲት ወጣት ነርስ በገባች ቁጥር በስሙ ጠርታ «ጎንዎን ልቀይርልዎ ነው» ትለዋለች። «አይሰማሽም እኮ» አልኳት። «ይሰሙ ይሆናል፤ እርስዎም ያነጋግሯቸው» አለችኝ። ከሁለት ቀን ዝምታ በኋላ አባቴን ማነጋገር የጀመርኩት በእሷ ፈቃድ ነው። ያልኩትን እዚህ አልጽፈውም። ያቺ ልጅ ያንን ቃል ባትነግረኝ ኖሮ ግን ሳልነግረው ነበር የሚሄደው።


ሲሙሌሽን ክፍል፦

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ያጽናህ። የካናዳ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተሙት ጥናት፣ መልስ መስጠት ካቆሙ የሆስፒስ (በሕይወት መጨረሻ ላይ ያሉ ሰዎች የሚታገዙበት ተቋም) ታካሚዎች መካከል የአንዳንዶቹ አንጎል ለድምፅ ምላሽ እንደሚሰጥ አሳይተዋል። ትርጉሙን ይረዱ እንደሆነ ጥናቱ አይናገርም፤ ቢሆንም ልጅቷ ትክክል ነበረች። የአንተን ጽሑፍ ለተማሪዎቼ እንዳነብላቸው ትፈቅዳለህ?


አባቱን ያስታመመ፦

በደስታ።


የአልጋ ዳር መምህርት፦

የሆነውን ልንገራችሁ። ከልጅቷ ጋር አብረን ተመለስን። ስፖንጁን እኔ ያዝኩ፣ እሷ አየች፤ ቀጥሎ እሷ ያዘች፣ እኔ አየሁ። እናትየው ከንፈራቸው ላይ ውሃው ሲያርፍ አፋቸውን ትንሽ ከፈቱ። ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ። በማግስቱ ልጃቸው መጣችና እንደ እኔ ተማሪ በር ላይ ቆመች፤ መግባትም መመለስም አቃታት። ተማሪዬ ወንበሯን ለቀቀችላትና «ላሳይሽ?» አለቻት።

አርብ ሌሊት አረፉ። እኔም እሷም አልነበርንም። የሌሊቷ ነርስ የመጨረሻ መዝገብ ላይ «ሕመም የለም። በግራ ጎን። አፍ በየሰዓቱ ረጥቧል፣ በልጃቸው» ይላል።

ከመጪው ወር ጀምሮ አራቱን ሰዓት እንዲህ ልከፋፍላቸው አስቤያለሁ፤ አንዱ ለአፍና ለአልጋ ሥራ፣ አንዱ ለሞርፊን ሂሳብ፣ ሁለቱ ለትዕይንትና ለውይይት። ትርጓሜውን ቤታቸው ያንብቡት። በልምምድ ጊዜም ለአንድ አልጋ ሁለት ተማሪ፤ እኔም ከክፍሉ አልወጣም። ሲሙሌሽን ክፍል፣ የታካሚውን ሚና የምትጽፉበትን ካርድ ብትልኪልኝ ውለታሽ አለብኝ።


ሲሙሌሽን ክፍል፦

ስድስት ካርዶች በግል መልእክት ልኬልሻለሁ። ሦስተኛውን መጀመሪያ ላይ አትጠቀሚው፤ ከባድ ነው።


ከሙያው የወጣሁ፦

ልጅቷስ? እናትየው ካረፉ በኋላ ማን አነጋገራት?


የአልጋ ዳር መምህርት፦

እኔ። ቅዳሜ ጠዋት ደወልኩላት። መጀመሪያ ምንም አላለችም፤ እኔም ዝም አልኩ፣ በልቤ ቆጠርኩ። ከዚያ «ልጃቸው አብራቸው ነበረች?» ብላ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት። አለቀሰች፣ አብሬያት ቆየሁ። ሰኞ ልምምድ ላይ መጥታለች።